ዕድል ከውሳኔ በፊት፣ ዕድል ከውሳኔ በኋላ

ፊራክሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው «ኤክስኮም፦ ኢነሚ አንኖውን» በተሰኘው የስልት ጌም ውስጥ፣ የተጫዋቹ ወታደር የጠመንጃው አፈሙዝ ጠላቱን ሊነካ እስኪቀርብ ድረስ ተጠግቶ ይቆማል። ማያ ገጹ የመምታት ዕድሉ 95 በመቶ መሆኑን ያሳያል፤ ተጫዋቹ ትእዛዙን ይሰጣል፤ ጥይቱ ግን ግድግዳ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ በየትኛውም አገር አንድ ነው፤ ጌሙ አታለለኝ የሚል ነው። ስሌቱ ሲመረመር ግን የተታለለ ሰው የለም። የመምታት ዕድሉ 95 በመቶ የሆነ ተኩስ ሃያ ጊዜ ቢደጋገም ቢያንስ አንዱ የመሳቱ ዕድል 64 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ሙሉ ዘመቻ ውስጥ ደግሞ ተጫዋቹ ብዙ መቶ ጊዜ ስለሚተኩስ፣ እንዲህ ያለው መሳት አንድ ቦታ ላይ መድረሱ አይቀርም።

በትርፍ ጊዜዬ ለስልክ የሚሆን አንድ ትንሽ የመጫወቻ ካርታ ጌም መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ቅሬታ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ተጫዋቹ ተበደልኩ የሚለው ለምንድን ነው? ሰው በተፈጥሮው ይሆንታን፣ ማለትም አንድ ነገር የመሆን ዕድሉን፣ ማስላት ስለማይችል ነው የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ እውነትነትም አለው፤ ነገር ግን የጉዳዩን ግማሽ ብቻ የሚነካ ይመስለኛል። በእኔ አመለካከት የተጫዋቹን የፍትሕ ስሜት የሚወስነው ከዕድሉ መጠን ይልቅ ዕድሉ የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ማለትም ዕጣው የሚወጣው ተጫዋቹ ከመወሰኑ በፊት ነው ወይስ ከወሰነ በኋላ የሚለው ጥያቄ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የመጀመሪያውን ግማሽ በቅጡ ማየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ የተከበሩ ጌም ሠሪዎች መፍትሔ የፈለጉት እዚያ ነውና።

የ«ሲቪላይዜሽን» ጌሞች አባት ሲድ ማየር እ.ኤ.አ. በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ባሰማው ንግግር፣ «ሲቪላይዜሽን ሬቮሉሽን» በሚሞከርበት ጊዜ የታዘበውን አካፍሎ ነበር። የኃይል ሚዛኑ ሦስት ለአንድ ሆኖ ለተጫዋቹ ሲያደላ፣ በሒሳቡ መሠረት ከአራት ውጊያ አንዱን መሸነፍ ይጠበቅበታል፤ ተጫዋቹ ግን ሦስት ከአንድ እጅግ ስለሚበልጥ ልሸነፍ አይገባኝም ይላል። ሚዛኑ ተገልብጦ አንድ ለሦስት በሆነበት ውጊያ ሲያሸንፍ ደግሞ ምንም ቅር አይለውም፤ ድሉን የብልሃቱ ፍሬ አድርጎ ይቀበለዋል። ሁለት ለአንድ በሆነ ውጊያ አንድ ጊዜ መሸነፍን በትዕግሥት ያለፈ ሰው፣ የሚቀጥለውንም ውጊያ ወዲያው ሲሸነፍ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ሁለቱ ውጊያዎች አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌላቸው ቢነገረውም አይዋጥለትም። የማየር ቡድን በመጨረሻ ሒሳቡን ለተጫዋቹ ስሜት አስገዛው፤ ያለፈው ውጊያ ውጤት በሚቀጥለው ላይ እንዲታሰብ አደረገ።

ይህ ጠባይ በጌም ዓለም ብቻ የሚታይ አይደለም። የስፖርት ውርርድ ቲኬት የሚቆርጥ የአዲስ አበባ ወጣት፣ እያንዳንዳቸው 70 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያላቸውን አሥር ቡድኖች በአንድ ቲኬት ላይ ሲደረድር ገንዘቡ በእጁ የገባ ይመስለዋል፤ አሥሩም በአንድነት የመሳካታቸው ዕድል ግን ከ3 በመቶ በታች ነው። አእምሯችን ሰባ በመቶን «አዎ» ብሎ ይመዘግባል፤ ዘጠና አምስትን ደግሞ ስለመጠራጠርም አያስብም።

«ፋየር ኤምብለም» የተባለውን ተከታታይ ጌም የሚሠሩት ጃፓናውያን ከማየር ንግግር ብዙ ዓመታት ቀድመው ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው ክፍል አንሥቶ በተከተሉት በርካታ ክፍሎች ውስጥ፣ ጌሙ ምቱ ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስነው ሁለት የዘፈቀደ ቁጥሮችን አውጥቶ አማካያቸውን በመውሰድ ነው። የሁለት ቁጥሮች አማካይ ወደ መሀል የመሰብሰብ ዝንባሌ ስላለው፣ ማያ ገጹ ላይ 90 ተብሎ የተጻፈው ዕድል በተግባር 98 በመቶ ይሆናል፤ 75 የተባለው ወደ 88 ይጠጋል፤ 10 የተባለው ደግሞ ወደ 2 ይወርዳል፤ 50 ብቻ ባለበት ይቆያል ማለት ይቻላል። ደንቡ ሁለቱንም ወገን በእኩል ይገዛል፤ ነገር ግን የተጫዋቹ ጀግኖች ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ፣ ጠላቶቻቸው ደግሞ ዝቅ ያለ የመምታት ዕድል ስለሚኖራቸው ጥቅሙ ለተጫዋቹ ያደላል። «ኤክስኮም»ም ቢሆን በቀላሎቹ የክብደት ደረጃዎች ላይ ተጫዋቹ ደጋግሞ ሲስት የሚቀጥለውን ዕድሉን በስውር ከፍ ያደርግለታል፤ የጻፈውን ቁጥር እንዳለ የሚያከብረው በከባዶቹ ደረጃዎች ላይ ነው። እንግዲህ ጌሙ ለተጫዋቹ በድብቅ ያደላ በነበረባቸው ደረጃዎች ላይ እንኳን አታላይ እየተባለ ይከሰስ ነበር ማለት ነው።

ይህን ዘዴ ጥበብ የሚሉት አሉ። እኔ ውሸት እለዋለሁ፤ በጎ ፈቃድ ያለበት ውሸት መሆኑን ሳልክድ። የምነቅፈውም ስለ ሥነ ምግባር ብዬ ብቻ አይደለም። ለዓመታት 90 እየተባለ 98 ሲሰጠው የኖረ ተጫዋች የዘጠና በመቶን ክብደት በዚያው ልክ ይማራል፤ ከዚያም እውነተኛ ዘጠና በመቶ ወደሚሰጥ ጌም ሲዛወር ሐቀኛው ጌም ሌባ ሆኖ ይታየዋል። አንዱ ሠሪ ለማስደሰት ብሎ ያዛባውን ሚዛን ሌላው ይከፍልበታል። ከዚህም በላይ፣ ቁጥር የተጻፈው ተጫዋቹ እንዲያስብበት ከሆነ፣ የተሳሳተ ቁጥር ሰጥቶ በትክክል አስብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይገባኝም።

ዕድልን ሳይዋሹ መግራት ይቻላል። ዘዴው ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ዕቁብ ላይ በዚህ ሳምንት ዕጣው ለማን እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን የወጣለት ሰው ስሙ ወደ ዕጣው ስለማይመለስ፣ ዙሩ ሳያልቅ ለሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ዳኛውና ጸሐፊው ሐቀኞች እስከሆኑ ድረስ ዕጣው መጨረሻ ላይ የወጣለት ሰው ዘገየብኝ ብሎ ሊያዝን ይችላል፤ ተዘረፍኩ ሊል ግን አይችልም። ዕጣው ሳይታወቅ ይቆያል፤ ጠቅላላ ድርሻው ግን ከመጀመሪያው የታወቀ ነው።

ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን እየገጣጠሙ ረድፍ በሚያጠፉበት በቴትሪስ፣ ዛሬ በይፋ በሚወጡት ጌሞቹ ውስጥ ያለው አሠራር ይኸው ነው። ሰባቱ ቅርጾች በአንድ ከረጢት ውስጥ እንዳሉ ተቆጥረው ይበወዛሉ፤ ከረጢቱ ባዶ እስኪሆን የወጣ ቅርጽ አይመለስም፤ ባዶ ሲሆን ሰባቱም እንደገና ይገባሉ። አራት ረድፍ በአንድ ጊዜ ለማጥፋት የሚጠበቀው ቀጥ ያለ ረጅም ቅርጽ የአንዱ ከረጢት መጀመሪያና የተከታዩ ከረጢት መጨረሻ ቢሆን እንኳን በሁለቱ መካከል ከ12 በላይ ሌሎች ቅርጾች ሊገቡ አይችሉም። ምርጫው በንጹሕ ዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ 12 ወይም ከዚያ በላይ ቅርጾች የመጠበቅ ዕድሉ 16 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር፤ 30 እና ከዚያ በላይ መጠበቅም ከመቶ አንድ ጊዜ ያህል ያጋጥማል። ሃይዲ በርጊል የተባለች የሒሳብ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚህም የከፋ ነገር አሳይታለች፤ ሁለቱ የተጣመሙት ቅርጾች እየተፈራረቁ ብቻ ቢወርዱ የቱንም ያህል የተካነ ተጫዋች በመጨረሻ ይሸነፋል። በንጹሕ ዘፈቀደ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለው ረጅም ተከታታይ ምንም ያህል ቢዘገይ አንድ ቀን መምጣቱ ስለማይቀር፣ ያ ጨዋታ ለዘላለም ሊጫወቱት የማይቻል፣ ከመነሻው የተፈረደበት ጨዋታ ነው።

ከረጢቱ የሚያመጣው ጥቅም ክፉ ዕድልን ማሳጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩበት። ዋናው ነገር ተጫዋቹ መቁጠር መቻሉ ነው። አምስት ቅርጾች ከወጡ በኋላ የቀሩት ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው፣ ለሁለቱም የሚሆን ቦታ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ያልቆጠረው ደግሞ ድንገት ይያዛል። በዚህ መንገድ ዕድል ራሱ የችሎታ መለኪያ ይሆናል። በሁለት ዳይስ የሚጫወቱት «ካታን» የተባለው የጀርመን የሰሌዳ ጨዋታም የፈለገ ሰው በዳይሱ ምትክ የሚጠቀምበት 36 ካርታዎች ያሉት ክምር አለው። ሁለት ዳይስ ሊወድቁ የሚችሉባቸው 36 መንገዶች ስላሉ፣ ክምሩ ከነዚሁ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ተሠርቷል።

በዕቁብ ሥርዓትና በንጹሕ ዕጣ መካከል የቆመ ሌላ መንገድም አለ፤ እሱን በ«ዋርክራፍት 3» እና ከእሱ በተወለደው በ«ዶታ» ውስጥ እናገኘዋለን። አንድ ጀግና 25 በመቶ ከባድ ምት የመምታት ዕድል አለው ከተባለ፣ የመጀመሪያው ምት ላይ ያለው እውነተኛ ዕድል 8.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ካልተሳካ በሚቀጥለው ላይ በዚያው መጠን ይጨምራል፤ እንዲህ እያለ ቢበዛ በ12ኛው ምት ላይ የግድ ይሳካል፤ ሲሳካ ወደ መነሻው ይመለሳል። በረጅሙ ሲታሰብ አማካዩ 25 በመቶ ስለሚሆን የተጻፈው ቁጥር ሐሰት አይደለም። ሦስት አራት ከባድ ምቶች ተከታትለው የሚመጡበት አጋጣሚ ግን እጅግ ይቀንሳል። ሰዎች እርስ በርስ በሚፎካከሩበት ጌም ውስጥ ይህ ተገቢ ይመስለኛል፤ ተሸናፊው ሽንፈቱን በአንድ ዕብድ የዕድል ጎርፍ ላይ እንዲያሳብብ በር አይከፍትለትምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ዕድል ምን ያህል ይሁን የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ነው። ሜጋክሪት የተባለ የሲያትል ኩባንያ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሙከራ ቀርቦ በ2019 የተጠናቀቀው «ስሌይ ዘ ስፓየር» ግን ሌላውን ጥያቄ በተግባር መልሶታል። በዚህ ጌም ውስጥ ዕድል የሌለበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚገጥሙት ጠላቶች፣ የሚሸለሙት ካርታዎች፣ በየተራው እጅ የሚገቡት አምስት ካርታዎች ሁሉ በዕጣ የሚመጡ ናቸው። ሆኖም ካርታው አንዴ እጅ ከገባ በኋላ የሚሆነው ነገር በአብዛኛው እርግጠኛ ነው፤ ስድስት ጉዳት ያደርሳል የተባለ ካርታ ስድስት ያደርሳል፤ ሊስት አይችልም። ጠላቱም በዚህ ተራ ሊያደርግ ያሰበውን ከራሱ በላይ በምልክት ያሳያል፤ ሊመታ ከሆነ በስንት እንደሚመታ ተጽፏል። ዕጣው አስቀድሞ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተጫዋቹ ፋንታ ነው።

በ«ኤክስኮም» ውስጥ ደግሞ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ተጫዋቹ ሜዳውን አይቶ፣ አስቦ፣ ትክክለኛውን ውሳኔ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ ዳይሱ ይወረወርና ውሳኔውን ያጸድቃል ወይም ይሽራል። ሁለቱ ጌሞች ውስጥ ያለው የዕድል መጠን እኩል ነው ብንል እንኳን ስሜቱ እኩል ሊሆን አይችልም። አስቀድሞ የመጣ ክፉ ዕድል በፊት ለፊት የተደቀነ ጥያቄ ነው፤ ምን ታደርግበታለህ ይላል። ዘግይቶ የመጣ ክፉ ዕድል ግን በትክክል የተመለሰ ጥያቄን ስህተት ብሎ ያርማል፤ ተጫዋቹም በዳኛው ላይ የሚነሣው ለዚህ ነው።

እየሠራሁት ያለው ጌም አሞሌ ጨው ጭኖ ከቆላ ወደ ደጋ ስለሚወጣ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ ይህን ልዩነት ለማየት ሁለት ዓይነት አድርጌ አዘጋጀሁት። በአንደኛው ተጫዋቹ መንገዱን ይመርጣል፤ ከዚያ ካርታ ይገለጥና ወንዙ መሙላቱን ወይም ሽፍታ መኖሩን ይነግረዋል። በሁለተኛው የሦስቱ መንገዶች ካርታዎች አስቀድመው ይገለጣሉ፤ ተጫዋቹ በቅሎዎቹን፣ ስንቁንና ጊዜውን አመዛዝኖ የትኛውን ጉዳት እንደሚቀበል ይመርጣል። ጉዳቱ በአማካይ እኩል እንዲሆን ቁጥሮቹን አስተካክያለሁ። ጌሙን ከሚሞክሩልኝ ልጆች አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያውን ሲጫወት «ጋሼ፣ ይሄ ስልክ አውቆ ነው የሚጥለኝ» አለኝ። ሁለተኛውንም ያንኑ ያህል ይሸነፍ ነበር፤ ያኔ ያለው ግን «ኧረ በቅሎዋን ባልሸጣት ኖሮ!» የሚል ነበር። አንዱ ክስ ነው፤ ሌላው ጸጸት ነው። የሚጸጸት ተጫዋች ደግሞ ወዲያው እንደገና ይጀምራል።

እንደዚህ ከሆነ ዕድልን ጨርሶ ማስወገድ አይሻልም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ገበጣን እንመልከት። የጉድጓዱ ቁጥርና ደንቡ ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም፣ በየትኛውም ዓይነቱ የተደበቀ ጠጠር የለም፤ ዕጣ የሚባል ነገር አይገባበትም፤ አርቆ የቆጠረ ያሸንፋል። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ጨዋታ ማሰብ ይከብዳል። ይሁን እንጂ ችሎታቸው የተራራቀ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡበት ውጤቱ ከመጀመሪያው ስለሚታወቅ ደካማው ቶሎ ይሰለቻል፤ ብርቱውም አብሮት ይሰለቻል። ካርታ ሲጫወቱ ግን ጀማሪው አልፎ አልፎ ጥሩ እጅ ይመጣለትና ያሸንፋል፤ በዚያች ድል ምክንያት ነገም ተመልሶ ይመጣል። ዕድል ለደካማው የመግቢያ በር ነው፤ በሩ ግን ከውሳኔው በፊት ቢሆን ይመረጣል ነው የምለው። በሌላ በኩል ሁሉንም ነገር አስቀድሞ መግለጥም መዘዝ አለው። በጌሜ ውስጥ የሦስት ቀን መንገድ ገልጬ ባሳየሁ ጊዜ ተጫዋቾቹ ጣታቸውን እያጠፉ መደመርና መቀነስ ጀመሩ፤ ጨዋታው የሒሳብ የቤት ሥራ መሰለ። «ስሌይ ዘ ስፓየር»ም ይህን ስለሚያውቅ የዚህን ተራ ሐሳብ እንጂ የሚቀጥለውን ተራ ካርታ አያሳይም።

በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለው ፍትሕ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ትልቁ ችግር ማን ይጀምር የሚለው ነው። በዘመናዊው ቼዝ ነጭ በመጀመሩ ብቻ ከጠቅላላው ነጥብ 54 እና 55 በመቶ አካባቢ ይወስዳል፤ በውድድር ይህን የሚያካክሱት ቀለም በማፈራረቅ ነው። «ጎ» በተባለው የምሥራቅ እስያ የጠጠር ጨዋታ ደግሞ ሁለተኛ ለሚጫወተው ነጭ ነጥብ ይጨመርለታል፤ በጃፓን ስድስት ተኩል፣ በቻይና ሰባት ተኩል። ግማሿ ነጥብ ጨዋታው በእኩል እንዳያልቅ ታስባ የገባች ናት። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን ሰንጠረዥ የተባለው የአገራችን የጥንት ቼዝ ያገኘው መፍትሔ ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወረራ በሚባለው በዚህ ምዕራፍ ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንደፈቀዱ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ በጻፉት ጥናት ይህን መዝግበውታል። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበትን ጌም የሚነድፉ ሰዎች የሚደክሙበት ችግር፣ በመኳንንቱ አዳራሽ ውስጥ በሁለት ፈጣን እጆች ይፈታ ነበር።

ስለ ጌም ከባድነት ብዙ የምለው የለኝም፤ ምክንያቱም ከዕድል ይልቅ ቀላል ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሬዚደንት ኢቭል 4» ተጫዋቹ ሲቸገር ጠላቶቹን በስውር ያለዝባል፤ ሲበረታ ያከብዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ሴሌስት» ግን ከባድነቱን ሳይሸሽግ፣ ያቃተው ሰው የጌሙን ፍጥነት እንዲቀንስ ወይም ጉዳት እንዳይደርስበት እንዲያደርግ መቆጣጠሪያውን በግልጽ ይሰጠዋል። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ማቅለሉ የተጫዋቹ የራሱ ውሳኔ ነውና ድሉ ምን ያህል የራሱ እንደሆነ እሱው ያውቃል። ማክበዱንም ቢሆን ሰው ራሱ ያመጣዋል፤ በሰንጠረዥ ዘመን ንጉሥን በብርቱዎቹ ጠጠሮች ማስጨነቅ ጥበብ የጎደለው ተደርጎ ይቆጠር፣ በደካማ ጠጠር ያሸነፈ ደግሞ ይወደስ ነበር። ይህን ማንም ደንብ አላስገደዳቸውም።

ገንዘብ ሲገባበት ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ተጫዋቹ ጀግና ወይም መሣሪያ ለማግኘት በገንዘብ ዕጣ የሚያወጣባቸው ጌሞች በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው «ጌንሺን ኢምፓክት» ውስጥ ከፍተኛው ማዕረግ ያለው ጀግና በአንድ ዕጣ የመውጣት ዕድሉ 0.6 በመቶ ነው፤ 89 ጊዜ ካልወጣ በ90ኛው ላይ የግድ ይወጣል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ያመሰገንኩት የዕቁብ ሥርዓት ነው፤ ጣሪያ አለው፤ ቁጥሩም ተገልጿል። ልዩነቱ በዕቁብ ሁሉም የሚያወጣው ያዋጣውን መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን ጣሪያው ተጫዋቹን ከኪሳራ አይጠብቀውም፤ ሰባ ጊዜ ከፍሎ ያላገኘውን ሰው «ሃያ ብቻ ቀረህ» ብሎ ይጎትተዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2012 የተለያዩ ዕጣዎችን አሟልቶ ሽልማት ማግኘት የሚባለውን ዓይነት አስቀርታለች፤ ቻይና ከ2017 ጀምሮ ኩባንያዎች የዕጣቸውን ይሆንታ እንዲያሳውቁ አስገድዳለች፤ የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን ደግሞ በ2018 በገንዘብ የሚገዙ የዕጣ ሣጥኖችን ሕገ ወጥ ቁማር ብሏቸዋል። ከሦስቱ የቤልጂየሙ ውሳኔ ለእውነቱ የቀረበ ይመስለኛል። ይሆንታውን ማሳወቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰባ በመቶን «አዎ» ብሎ ለሚያነብ አእምሮ፣ በተለይም ለልጅ አእምሮ፣ 0.6 የሚለው ቁጥር ምን ያህል እንደሚነግረው እጠራጠራለሁ። እዚህ ላይ ዕጣው የሚወጣው ከውሳኔ በኋላ መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም፤ አስቀድሞ ቢገለጥ የሚከፍል አይኖርም።

የእኔ ጌም የሚሸጥ ነገር ስለሌለው ከዚህ ፈተና ነፃ ነው፤ ስለዚህ የቀረኝ የቁጥር ሥራ ብቻ ነው። የመንገዱ ካርታዎች 24 ሆነው በአንድ ከረጢት ውስጥ ይበወዛሉ፤ የወጣው ከረጢቱ እስኪያልቅ አይመለስም፤ ተጫዋቹም የማያ ገጹን ጥግ ሲነካ ምን ምን እንደቀረ ተዘርዝሮ ያያል። በየማለዳው የሚገለጡት የዕለቱ ሦስት መንገዶች ብቻ ናቸው። ያልቆረጥኩት የሽፍታውን ብዛት ነው። አራት ሲሆን ሲበረቱ የቆዩት ልጆች ጠባቂ መቅጠር ያቆማሉ፤ ስድስት ሲሆን ደግሞ ሁሉም በመጀመሪያው ገበያ ላይ ጠባቂ ብቻ ይቀጥሩና ጨው የሚጭኑበት በቅሎ ያጣሉ። ለጊዜው አምስት ላይ ትቼዋለሁ፤ የጠባቂውን ደመወዝ ግን መቀነሴ አይቀርም።